«ነገ ይዘንባል» ማለት ገይብን ማወቅ ነውን?



ክረምቱ በበረታበት ሰሞን አንድ ምሽት በሰፈራችን መስጊድ የመግሪብን ሶላት ሰግደን ስንወጣ ዝናቡ ደጃፉ ላይ ያዘን። ሃያ የምንሆን ሰዎች ጫማችንን በእጃችን እንደያዝን ከቆርቆሮው ሥር ተጠጋግተን ቆምን። አንዱ ስልኩን አወጣና «እስከ ሦስት ሰዓት አያባራም፤ ነገም ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ አለ ይላል» አለ። አጠገቡ የቆመ ሰው ፊቱን አጠቆረ። «አስተግፊሩላህ በል! ዝናብ መቼ እንደሚወርድ ከአላህ በቀር ማን ያውቃል? ይኼ ገይብን አውቃለሁ ማለት ነው!» አለው። ይህን የሰማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ዝናብ እኮ የቀዘቀዘ ተን ነው። ውኃ ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወርዳል፤ በቃ! ምን ገይብ አለው?»

ነገሩ ከረረ። በዚህ መሐል ከግድግዳው ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ሐጂ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ልጄ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ተምረሃልም ይሉሃል። እስቲ ፍረድ፣ ከሁለቱ ማንኛው ነው ልክ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔም «ሐጂ፣ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው» ብዬ በቀልድ አመለጥኩ። ሰው ሳቀ፤ ዝናቡም ጋብ አለ፤ ተበታተንን።

ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥያቄው የቀልድ ጥያቄ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩና። ያደግሁት ድሬዳዋ ነው።

የደቻቱ ሌሊት

ድሬዳዋን የሚያውቅ ደቻቱን ያውቃል። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ግመል ያልፍበታል፤ እኛም ልጆች ሳለን ኳስ እንጫወትበት ነበር። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ያ አሸዋ በሌሊት ወደ ጎርፍ ተለወጠ። ሰው በተኛበት የመጣው ውኃ ከ250 በላይ ነፍሶችን ይዞ ሄደ፤ ቤቱንና ንብረቱን ያጣው በሺህ የሚቆጠር ነበር። እኔ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ትምህርቴን የጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ያለማቋረጥ የሚገለበጥ ይመስል ነበር።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። ልጃቸው ከጥቂት ቀናት በፊት «ዘንድሮ ደጋው ላይ ዝናቡ ከብዷል፤ ለጊዜው ወደ አክስቴ ቤት ከፍ እንበል» ብሎ ለምኗቸው ነበር። እሳቸውም «አላህ ከወሰነው የትም ብንሄድ ያገኘናል» ብለው መለሱለት። ልጁ ተረፈ፤ እናት አልተረፉም። አላህ ይዘንላቸው።

በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሁለት ነገር ሰማሁ። አንዱ «የአላህ ቁጣ ነው የወረደባቸው» አለ። ሌላው ደግሞ «ተፈጥሮ ነው፤ አላህንም ሰውንም አታስገቡበት» ሲል መለሰ። ልጁ መሐላቸው ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እንግዲህ በመስጊዱ ደጃፍ የተከራከሩት ሁለቱ ወንድሞች ሳያውቁት የዚያን ድንኳን ክርክር ነበር የደገሙት። ሐጂ ለጠየቁኝ ጥያቄ ዛሬ ዘግይቼም ቢሆን መልስ የምሞክረው ለዚህ ነው። ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ የዑለማዎቻችን ነው። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩትን ጂኦግራፊና ከመሻይኾቼ እግር ሥር ያገኘሁትን ጥቂት ነገር አንድ ላይ ለማየት ያህል ነው።

ዝናብ እንዴት ይመጣል?

ተማሪው «የቀዘቀዘ ተን» ያለው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን እጅግ አሳጠረው። የጀበናን ነገር አስቡ። ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ የሚፈጀው እሳት ብዙ ይመስለናል። ያንኑ ውኃ አሟጥጦ ወደ ተንነት ለመለወጥ ግን በጣም ቀዝቅዞ ለበረዶነት ከተቃረበበት አንሥቶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ሙቀት ከአምስት እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ፀሐይ በውቅያኖስ፣ በሐይቅና በጫካ ላይ በየዕለቱ የምትሠራው ሥራ ይኼ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ታዲያ አይጠፋም፤ በተኑ ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይጓዛል። ተኑ ሰማይ ላይ ተመልሶ ውኃ ሲሆን ሙቀቱ ይለቀቃል፤ ነጎድጓድ ያለበትን ደመና ወደ ላይ የሚገፋው ትልቁ ኃይልም ይኼ ነው።

አየር ተን የመሸከም አቅሙ እንደ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚችለው ተን በ7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አቅሙ ይቀንስና ትርፉ ወደ ውኃነት ይለወጣል። በጥቅምት ማለዳ ሣሩ ላይ የምናየው ጤዛ ምንጩ ይኸው ነው። ሰማዩ በጠራበት የበጋ ሌሊት መሬት ሙቀቷን ያለ ከልካይ ትለቃለች፤ ስለዚህ ውርጭ ይመጣል። ደመና ባለበት ሌሊት ግን ደመናው እንደ ጋቢ ይሸፍናታልና ብርዱ ይለዝባል።

ታዲያ አየር ሰማይ ላይ እንዴት ይቀዘቅዛል? ወደ ላይ በመውጣት ነው። ከፍ ባለ ቁጥር የሚጫነው አየር ይቀንሳል፤ ሲቀንስለት ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። የብስክሌት ጎማ ስታስተነፍሱ የሚወጣው አየር እጃችሁን ቀዝቀዝ ያደርገው የለምን? ደመና ያልሆነ አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ይወጣል፤ አንድ ቦታ ሲደርስም ተኑን መሸከም ያቅተዋል። ያም ሆኖ ተኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል። ዓይን የማያየው ብናኝ፣ ከባሕር የተነሣ የጨው ቅንጣት፣ ጢስም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዙሪያ ተሰብስቦ የደመና ጠብታ ይሆናል። አንዲት መጠነኛ የዝናብ ጠብታ እንድትሠራ ከእነዚህ የደመና ጠብታዎች አንድ ሚሊዮን ያህሉ መገናኘት አለባቸው። እጃችን ላይ የምታርፈውን አንዲት ጠብታ እንዲህ ብሎ ማየት ሱብሓነላህ አያሰኝምን?

ነፋሱስ?

ፀሐይ ምድርን እኩል አታሞቅም። አንዱ ቦታ ሲግል አየሩ ይቀልና ይነሣል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። ግፊቱ ከፍ ካለበት ቦታ ያለው አየር ወደዚያ ይሄዳል። ነፋስ የምንለው ይኼንን ነው። የምድር መሽከርከር ደግሞ መንገዱን ያጠምዘዋል።

በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሰሐራና የዓረቢያ ምድር ይግላሉ። ነፋሶች የሚገናኙበትና ደመና የሚበዛበት መቀነትም ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ያን ጊዜ ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደኖችና ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣ እርጥብ አየር ወደ አገራችን ይነፍስና ከተራሮቻችን ጋር ይጋጠማል። ተራራው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይዘንባል። በምዕራብ ጎሬን የመሰለ ቦታ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። ተራራውን ተሻግሮ ወደ ቆላ የሚወርደው አየር ግን እርጥበቱን አራግፎ፣ ሲወርድም እየሞቀ ስለሚሄድ አፋር በብዙ ሥፍራው 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በአንድ አገር፣ በአንድ ክረምት!

የእነዚህን ነፋሶች ጠባይ ቀድመው ካጠኑት መካከል የእኛው አባቶች ነበሩ። ዛሬ ዓለም «ሞንሱን» የሚለው ቃል መነሻው ዓረብኛው «መውሲም» ነው፤ ወቅት ማለት ነው። የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች በአንዱ ወቅት ነፋስ ሄደው በሌላው ይመለሱ ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አሕመድ ኢብን ማጂድ ስለ ባሕር ጉዞና ስለ ነፋሶች ጊዜ በሰፊው ጽፎ ትቶልናል። «ነፋሱ በእንዲህ ያለ ወር ይነሣል» ብሎ ሲጽፍ ገይብን አውቃለሁ ማለቱ አልነበረም። የአላህን ልማድ በፍጥረቱ ላይ አይቶ መመዝገቡ ነበር።

አሁን ወደ ደቻቱ እንመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጀርባዋ ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 50 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይኼንን ዛፉ በተመናመነ ቁልቁለት ላይ፣ በብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር አባዙት። ያ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ የአሸዋ መንገድ ይሰበሰባል። በዚያ ሌሊት ከተማዋን የመታት በላይዋ የወረደው ብቻ ሳይሆን ከላይ ደጋው ላይ ዘንቦ የወረደው ነበር። ሰማይህን ብቻ አይተህ ጎርፍን አታውቀውም።

አብሳሪ ነፋሶች

«ታዲያ ይህን ማወቅ ገይብን መንካት አይደለምን?» ለሚለው ወንድሜ ያለኝ መልስ እነሆ። በሱረቱ ሉቅማን መጨረሻ አላህ (ሱ.ወ.) ለራሱ ብቻ ካደረጋቸው ዕውቀቶች ጋር የዝናብ መውረድ መነሣቱ እውነት ነው፤ ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስም ዝናብ መቼ እንደሚመጣ ከአላህ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ተነግሯል። ማንም ሙስሊም በዚህ አይከራከርም። ግን ያው ቁርኣን በሱረቱ አል-አዕራፍ 57ኛውና በሱረቱ አር-ሩም 46ኛው አንቀጽ ላይ ነፋሶችን የእዝነቱ አብሳሪዎች ብሎ ይጠራቸዋል። አብሳሪ ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩ ከመድረሱ በፊት ወሬውን ይዞ የሚመጣ ማለት አይደለምን? እንግዲህ ከዝናቡ በፊት ምልክት ያስቀመጠው፣ ምልክቱንም እንድናይ ያዘዘን እሱ ራሱ ነው። ደመናን ነድቶ፣ አገናኝቶና ደራርቦ ከመካከሉ ዝናብ እንደሚያወጣ በሱረቱ አን-ኑር 43ኛው አንቀጽ ሲያስታውሰን «አላየህምን» በሚል ጥያቄ ነው የሚጀምረው።

ገይብ ያለ ምንም ምልክት የሚታወቅ፣ እርግጠኛና ሙሉ ዕውቀት ነው። የሜትሮሎጂ ባለሙያ ያለው ግን ይኼ አይደለም። ነፋሱን፣ ግፊቱንና እርጥበቱን ለክቶ «ሊዘንብ ይችላል» ይላል። ደመና ሲጠቁር አይታ ያሰጣችውን በርበሬ የምታስገባ እናት ከምትሠራው ሥራ በዓይነቱ አይለይም፤ በመሣሪያው ብዛት እንጂ። ወሰኑንም ራሱ ሳይንሱ ይመሰክራል። በ1963 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው ሊቅ ባሳተመው ጥናት፣ በመነሻው ላይ ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት እያደገች ሄዳ ትንበያውን ፈጽማ ልትለውጠው እንደምትችል አሳየ። የየዕለቱን ዝናብ ለይቶ ከሁለት ሳምንት ገደማ አሻግሮ መናገር እስከ ዛሬ አልተቻለም። በሱረቱ አል-አሕቃፍ የተነገረውን የዓድ ሕዝቦች ታሪክ አስታውሱ። ወደ ሸለቆዎቻቸው የሚመጣውን ደመና አይተው ዝናብ ነው ብለው ተደሰቱ፤ ሆኖ የተገኘው ግን ቅጣት ያዘለ ነፋስ ነበር። ምልክትን ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ ፍጻሜውን መያዝ ሌላ። ስለዚህ ትንበያ ስንናገር «ኢንሻአላህ» ማለታችን የአፍ ልማድ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው የዕውቀት አነጋገር ነው።

ወደ ሌላው ጽንፍ መሄድም አይገባም። አንዳንዶቻችን ቁርኣንን የሜትሮሎጂ መማሪያ ለማድረግ እንጣደፋለን፤ በየጊዜው ለሚለዋወጠው ንድፈ ሐሳብ ሁሉ አንቀጽ እንፈልጋለን። ቁርኣን ወደ ሰማይ እንድናይ ያደርገናል፤ ቴርሞሜትሩን ማንበብ የእኛ ፈንታ ነው።

«በቃ» ለሚለው ተማሪ

አንተ ወንድሜ ደግሞ «ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይወርዳል» ብለህ «በቃ» ያልከው ቃል ላይ ቁም። በሑደይቢያ ከሌሊት ዝናብ በኋላ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱብሒን አሰግደው ለሶሃቦቻቸው የነገሯቸውን ታስታውሳለህ፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በአላህ ችሮታ ዘነበልን ያለ በአላህ አምኗል፤ በእገሌ ኮከብ ዘነበልን ያለ ግን በኮከቡ ነው ያመነው። ያኔ ኮከብ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ሰበቡ በራሱ የቆመ ሲመስለን «ተፈጥሮ» እንለዋለን። ሰበብን መናገር ክህደት አይደለም። ሰበብን ጌታ ማድረግ ነው ጥፋቱ። እንዴት እንደዘነበ መልስ ሰጠህ፤ ማን እንዳዘነበው አልተጠየቅህም ማለት ግን አይደለም። በሱረቱ አል-ዋቂዓ የምንጠጣውን ውኃ ከደመና ያወረድነው እኛ ነን ወይስ እሱ ተብለን ተጠይቀናል። ጥያቄው የተን መንገድ ሲታወቅ አይዘጋም፤ እንዲያውም ይሰፋል።

የተወኩል ሚዛን

ከሁሉም የከበደኝ የዚያች እናት ቃል ነው። እምነታቸውን አልነቅፍም፤ ከእኔ የጠነከረ ነበር። ግን ቀደርን የምንረዳበት መንገድ መታረም አለበት። ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሊመለሱ ሲሉ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንሸሻለን አሉ። ጎርፉ ቀደር ነው፤ ከፍታውም ቀደር ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የሰማው የልጅ ጆሮም ቀደር ነው። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እንዲያውም በብርድና በዝናብ ሌሊት ሙአዚኑ ሰው በየቤቱ እንዲሰግድ ያውጅ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ለአየር ሁኔታ ሲባል የአዛን ጥሪ እንኳ ከተስተካከለ፣ ቤታችንንና ልጆቻችንን ከወንዝ አፍ ማራቅ እንዴት የኢማን ጉድለት ይሆናል?

«የአላህ ቁጣ ወረደባቸው» ያለውም ሰው ምላሱን ቢሰበስብ ይሻለው ነበር። በውኃ ሰጥሞ የሞተ ሙስሊም ከሸሂዶች እንደሚቆጠር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ያ ልጅ በድንኳኑ ውስጥ መስማት የነበረበት ይኼንን ነበር። ማናችንም አልነገርነውም።

ድርቅም እንዲሁ ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሰላማዊ ውቅያኖስ ከልክ በላይ ሞቆ ኤል ኒኞ በረታ፤ በሩቅ ያለው የባሕር ሙቀት የነፋሱን ሥርዓት ለወጠና በሰሜንና በምሥራቅ አገራችን ዝናቡ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገኖቻችን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆኑ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ሰባት ዓመት ለረሃቡ ሰባት ዓመት እህል ከነዛላው እንዲቀመጥ አደረጉ። እሳቸው ያወቁት በወሕይ ነው፤ እኛ ያለን ግምት ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ የክፉ ቀን ወሬ የተሰማው ለማውራት ሳይሆን ለመዘጋጀት ነው። ዘካችንና ሶደቃችን ከብቱ ካለቀ በኋላ ከሚደርስ፣ ትንበያው በተሰማ ጊዜ ቢደርስ አይሻልምን?

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ክረምት ሲገባ ማድረግ የምንችለው ብዙ ነው። የሜትሮሎጂን መግለጫ እንስማ፤ በጁሙዓ ቀንም ለማያነቡት አረጋውያን እንንገር። የቤታችንንና የመስጊዳችንን የውኃ መውረጃ ቦይ እንጥረግ። ደረቅ ነው ብለን በወንዝ አሸዋ ላይ አንሥራ። ዝናብ ሲቀር የኢስቲስቃእን ሶላት፣ ሲወርድም ጠቃሚ ዝናብ እንዲሆን ዱዓውን አንርሳ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደመና ሲያዩ ፊታቸው ይለዋወጥ፣ ሲዘንብም ደስ ይላቸው እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ዘግበዋል። ፍርሃትና ተስፋ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ሐጂን ፈልጌ አገኘኋቸውና ከላይ የጻፍኩትን በአጭሩ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና «ታዲያ ዛሬስ ምን ይላል ስልክህ?» አሉኝ።

«ከአሥር ሰዓት በኋላ ይዘንባል ይላል፣ ሐጂ።»

«ኢንሻአላህ በል» አሉና ዣንጥላቸውን ከሥር ሸጉጠው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። ዣንጥላውን ይዘው ነበር የመጡት።

ወላሁ አዕለም።